መስኮት አልባው ሳሎን፦ የወላጆቻችንን ቤት ለሽያጭ ያዘጋጀሁበት መንገድ

ጉለሌ የሚገኘውን የወላጆቻችንን ቤት ለመሸጥ ከወንድሞቼና ከእህቶቼ ጋር ከተስማማን በኋላ የመጣው የመጀመሪያው ደላላ፣ ክፍሎቹን ዞሮ አይቶ «እትዬ፣ ይህ ለቦታው የሚሸጥ ነው፤ ቤቱ ላይ ምንም እንዳያወጡ» አለኝ። ነገሩ ቢከነክነኝም ለምን እንዲህ እንዳለ ገብቶኛል። አባታችን በ1958 ዓ.ም. የሠሩት ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነበር፤ በ1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ስለደነገገ፣ ልጅ በተወለደ ቁጥር የነበረው አማራጭ ያንኑ ቤት መቀጠል ብቻ ነበር። በጎን አንድ መኝታ ቤት፣ በጀርባ ሁለት ክፍል፣ ቀጥሎም የብሎኬት ማድ ቤት ተጨመረ፤ በመጨረሻም የፊቱ በረንዳ በቺፕውድ ተዘግቶ የወንዶች ልጆች መኝታ ሆነ። በዚህ ሁኔታ ሳሎኑ መሐል ላይ ተከብቦ መስኮት አልባ ሆነ፤ ወደ ኋለኛው ክፍል መድረስ የሚቻለውም የሌላ ሰው መኝታ ቤት በማቋረጥ ነበር።

ሥራ ከመጀመሬ በፊት ቤቱን ሊያዩ የመጡ ሦስት ሰዎችን ዝም ብዬ ተከተልኳቸው። ሦስቱም ሳሎኑ መሐል ቆመው አምፖሉን ቀና ብለው አዩ፤ ሁለቱ አሮጌው ቤት ከቅጥያው በሚገናኝበት ደፍ ላይ፣ ወለሉ በአንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ስለሚል፣ ተደናቀፉ። እኛ ልጆቹ ያንን ዝቅታ በጨለማም ስናልፈው እግራችን ያውቀዋል፤ እንግዳ ግን እዚያ ቦታ ላይ ቤቱን መጠራጠር ይጀምራል።

ስለዚህ ከቀለም በፊት ብርሃንና መተላለፊያን አስቀደምኩ። የበረንዳው ቺፕውድ ተነሣ። ከሳሎኑ በላይ የነበረው የአቡጀዲ ኮርኒስ በከፊል ተቀድዶ፣ ከጣሪያው አንድ ቆርቆሮ ወርዶ ብርሃን በሚያስተላልፍ የፕላስቲክ ቆርቆሮ ተተካ። አናጺው የመጨረሻውን ሚስማር መትቶ ሲወርድ ብርሃኑ ያረፈው እናታችን ረከቦት ያስቀምጡበት በነበረው ጥግ ላይ ነው፤ ሲሚንቶው እዚያ ላይ ከሌላው ወለል ይልቅ ለስልሶ እንደሚያብረቀርቅ በዚያ ቤት ተወልጄ ሳድግ አላስተዋልኩም ነበር። የመተላለፊያው መኝታ ቤት አልጋ ወጥቶ የምግብ ጠረጴዛ ገባበት፤ ማንም ሰው የምግብ ክፍል ሲያቋርጥ የሰው ገመና የገባ አይመስለውምና። በቁም ሣጥን ተጋርዶ ለዓመታት የተዘጋው የጓሮ በር ተከፈተ፤ ሁለቱ የኋላ ክፍሎችም የራሳቸው መውጫ አገኙ። ደፉ ላይ በጉልህ የሚታይ የእንጨት መርገጫ አስደረግኩ። ማድ ቤቱን ሴራሚክ ለማስለበስ ያወጣሁት ገንዘብ ግን ያለ ቦታው የዋለ ነበር፤ አንድም ገዢ አላነሣልኝም።

ትልቁ ስሕተቴ ወረቀቱን ማዘግየቴ ነው። በካርታው ላይ ያለው ፕላን የሚያሳየው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች ብቻ ነበር። በዋጋ የተስማማን አንድ ገዢ የባንክ ብድር ጠይቆ ስለነበር የባንኩ መሐንዲስ መጥቶ ለካ፤ በፕላኑ የሌለውን ክፍል በግምቱ እንደማያካትት ሲነግረን ብድሩ አልበቃ ብሎ ሽያጩ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ቤቱን እንዳለ የሚያሳይ ፕላን በባለሙያ አስነሥቼ ቅጥያዎቹ እንዲመዘገቡ አመለከትኩ፤ ጉዳዩ እስኪያልቅ ወራት ፈጀ። አሁን ብጀምር ፕላኑን ሳላስተካክል ለአናጺ አንዲት ብር አልከፍልም ነበር። ፕላኑ እጄ ሲገባ አንድ ቅጂ መግቢያው ላይ ለጠፍኩት፤ የትኛው ክፍል በየትኛው ዘመን እንደተቀጠለም በእርሳስ ጻፍኩበት። ሰዎች እሱን አይተው ሲገቡ «ይህ ወዴት ያወጣል?» ማለታቸው ቀረ።

በመጨረሻ ቤቱን የገዙት ከእናታቸው ጋር የሚኖሩ ሴት ናቸው። ሳሎኑን ፈጥነው አልፈው የኋላውን ክፍል ደጋግመው አዩት፤ «እማዬ ለብቻዋ በር ይኖራታል ማለት ነው» አሉ። ውልና ማስረጃ ሄደን ከመፈራረማችን በፊት ባለው ቀን ሜትር ይዘው ተመልሰው መጡና የጓሮውን በር ስፋት ለኩ፤ የእናታቸው አልጋ ሳይፈታ እንዲገባ ይፈልጉ ነበር።