ብሩሽና ቆብ፦ ስለ አባ ጎርጎርዮስ ክሩግ

ጾሙ ከገባ ጀምሮ ሐሳቤን የያዙት አባ ጎርጎርዮስ ክሩግ የሚባሉ ሩሲያዊ መነኩሴና የቅዱሳት ሥዕላት ሠዓሊ ናቸው። በፒተርስበርግ ተወለዱ፤ አባታቸው ከስዊድን ዘር የሚወለዱ ሉተራን፣ እናታቸው ሩሲያዊት ነበሩ። ከአብዮቱ በኋላ ቤተሰቡ ወደ ኢስቶኒያ ተሰደደ። ሥዕል የተማሩትም፣ በወጣትነታቸው ኦርቶዶክስ የሆኑትም እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ወደ ፓሪስ ተሻገሩ።

የፓሪስ ሩሲያውያንን ኑሮ ሳነብ እዚህ በስደት ያሉ የራሳችን ሰዎች ፊቴ ላይ ድቅን ይላሉ። የትናንቱ መኮንን ታክሲ ይነዳል፤ የተማረው ሰው ፋብሪካ ይውላል፤ እሑድ ግን ሁሉም ከቅዳሴ አይቀርም። በፔቴል ጎዳና የሦስቱ ሊቃውንት፣ የባስልዮስ፣ የጎርጎርዮስና የዮሐንስ አፈወርቅ ቤተ ክርስቲያን የተከፈተው ጋራዥ በነበረ ቤት ውስጥ ነው። ክሩግና ጓደኛቸው ሊዮኒድ ኡስፔንስኪ ያንን ቤት በቅዱሳን ሥዕል አስጌጡት። ሠዓሊ ሁሉ ስም ለማውጣት በሚጎርፍባት ከተማ፣ ሁለት ወጣቶች ለድሃ ስደተኞች ጸሎት ብለው መሣላቸው ልቤን ይነካዋል።

ከታሪካቸው አልፌው መሄድ ያልቻልኩት ግን ሕመማቸውን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት አእምሯቸው ታወከና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገቡ። ከዚያ እንዲያገግሙ የረዷቸው የንስሐ አባታቸው አባ ሰርጊየስ ሼቪች ናቸው። ካገገሙ በኋላ ሙሉ በሙሉ ለቅዱሳት ሥዕላት ኖሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1948 መነኮሱ። የምንኩስና ስማቸውም በኪየቭ ዋሻዎች ገዳም በነበረው በሠዓሊው ቅዱስ ጎርጎርዮስ ተሰየመ። በእኛ ዘንድ የአእምሮ ሕመም ዛሬም የቤተሰብ ምስጢር ነው፤ የታመመ ሰው ከማኅበር ይገለላል፤ አገልግሎት ቢጠይቅም «ይረፍ» ይባላል። እኚህ ሰው ግን ከሕመማቸው ተነሥተው በሣሏቸው ሥዕሎች ፊት ስንቱ ቆሞ ጸለየ! እንዲህ ያለ የንስሐ አባት ለሁሉም ሕመምተኛ ይስጥልን እላለሁ።

ከመነኮሱ በኋላ ከፓሪስ ወጣ ብሎ በሚገኘው በመኒል ሳን ደኒ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም በተሠራ ትንሽ ገዳም ተቀመጡ። የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳም ሣሉ። በሩሲያ ልማድ ሠዓሊው ቀለሙን በእንቁላል አስኳል ይለውሳል፤ ከጠቆረው ቀለም ተነሥቶ በስሱ እየደራረበ ወደ ብርሃኑ ይወጣል። የአባ ጎርጎርዮስ ቀለም ከሌሎቹ ይልቅ ስስ ነው፤ መስመራቸውም ጥብቅ አይደለም። አንዳንዶች ይህን እንደ ጉድለት ሊያዩት ይችላሉ። እኔ ግን የቅዱሳኑ ፊት ከውስጥ የሚበራ የሚመስለኝ በዚህ ምክንያት ነው። ከሞቱ በኋላ የታተሙት ማስታወሻዎቻቸውም የሚያወሩት ስለ በዓላትና ስለ ሥዕላቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ዐረፉ፤ የተቀበሩትም እዚያው ገዳም ነው።

በአገራችን ሥዕልና ምንኩስና ከጥንት አብረው ኖረዋል። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን መነኩሴም ሠዓሊም ነበር። ደብተራውም ቢሆን የሚሥለው ዜማውንና መጽሐፉን ከያዘ በኋላ ነው። ክሩግ ግን ከሥዕል ትምህርት ቤት ተነሥተው፣ በሥዕሉ በኩል ወደ ቆቡ ደረሱ። ስለዚህ የሥዕል ተሰጥኦ ያለውን ስደተኛ ወጣት ሳይ፣ ዲያቆን ባይሆንም ቤተ ክርስቲያን በሯን ብትከፍትለት እላለሁ።

እዚህ በስደት ያሉት አብያተ ክርስቲያናችን ብዙዎቹ በማተሚያ ቤት የወጣ ሥዕል ሰቅለው ይጸልያሉ። በኪራይ አዳራሽ ለጀመረ ማኅበር ይህ አያስወቅስም። የራሱን ሕንፃ የገዛው ግን ሰበብ የለውም። በመካከላችን ሌሊት መኪና ማቆሚያ እየጠበቁ ቀን የሚሥሉ ልጆች አሉ። በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ይህንኑ አነሣለሁ፦ ከሕንፃው ማሠሪያ ገንዘብ ላይ ለአንድ ሠዓሊ የዓመት ደመወዝ ይመደብ፤ ሥራውም ከምሥለ ፍቁር ወልዳ፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ከምትታይበት ሥዕል፣ ይጀመር።