የጊቤ በረሃ አሮጌ መንገድ

«እዚህ? እዚህ ምን አለ?» አለ ረዳቱ።

አልፈረድኩበትም። ከአበልቲ ወደ ጊቤ ወንዝ በሚያወርደው መንገድ ላይ፣ ግራ ቀኙ ግራርና የተቃጠለ ሳር ብቻ በሆነበት ቦታ፣ ጤነኛ ሰው «ወራጅ አለ» አይልም። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየን። አጎቴ ግን ወርዷል። 72 ዓመቱ ነው። ከመኪና ሲወርድ ግን ዛሬም እንደ ድሮ ረዳት ነው፤ ጎማው እስኪቆም አይጠብቅም።

ሂሳብ የከፈልነው እስከ ወልቂጤ ነበር። «መልስ የለም» ተባልን። አልተከራከርንም፤ ሚኒባሱ ሄደ፤ ሙቀቱ ቀረ።

ከጅማ የተነሳነው ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ነው። ሰርቦን በጭጋግ አለፍናት። አሰንዳቦ ስንደርስ ነጋ። ከዚያ ደነባ፣ ሶኮሩ፣ ሳጃ። ወሩ ጥር ስለሆነ በየደጁ ቡና ተሰጥቷል። እኔ ጅማ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። ይህን መንገድ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩበት አላውቅም። ጊቤ በረሃን ግን የማውቀው በመስኮት ነው። እንቅልፍ የሚወስድህ፣ ስትነቃ ሸሚዝህ ከወንበሩ ጋር ተጣብቆ የምታገኘው ቦታ ነው ለእኔ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ የጊቤ ድልድይ ያለበት ቦታ ደግሞ 1,100 አካባቢ። ከዝናብ አገር በአንድ ቁልቁለት በረሃ ትገባለህ።

አሮጌውን መንገድ ፍለጋ ለመውጣት ጥርን የመረጠው አጎቴ ነው። «ክረምት ሄደህ የምታየው ሳር ነው» አለኝ። እውነትም እዚያ ሳሩ ሰው ይውጣል። በበጋ እረኞች ያቃጥሉታል። ያኔ አሮጌው መንገድ፣ ልጅ ጭንቅላቱን ሲላጭ ጠባሳው እንደሚወጣው፣ ብቅ ይላል።

አጎቴ ረዳት የሆነው በ1960 ዓ.ም. ነው፣ በ15 ዓመቱ። መሪ ያስያዘው ሹፌር ደግሞ ሙያውን የተማረው ጣሊያኖች ጥለዋቸው በሄዱት ካሚዮኖች ላይ ነበር። «ትሬንታ ኳትሮ» ይላቸዋል አጎቴ። ፊያት 634 የሚባለው ትልቅ የጭነት መኪና ነው፤ ሰዉ ከቁጥሩ መጨረሻውን ሠላሳ አራቱን በጣሊያንኛ ያዘና ስም አደረገው። የእኛ የመኪና አማርኛ ግማሹ እንዲህ ነው የመጣው። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ጎሚስታ፣ ታኮ። ታኮ ላይ በኋላ እመለሳለሁ።

ወደ መንገዱ ልምጣ። አገራችን መኪና ያየችው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ ቆላውን አቋርጦ አዲስ አበባ፣ አፄ ምኒልክ ዘንድ አደረሳት። መኪናዋ መጣች እንጂ መንገድ አልነበረም። ጅማ ደግሞ ያኔ የአባ ጅፋር አገር ናት። የጅማው የሂርማታ ገበያ ዕቃ የሚመጣውም የሚሄደውም በሲራራ ነጋዴ በቅሎ ነበር። ከአዲስ አበባ ጅማ የሚያደርሰው መንገድ፣ ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ባሉት ዓመታት ከሠራቸው ዋና ዋና መስመሮች አንዱ ነው። ዛሬ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለሥራው ከአገራቸው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች አምጥተዋል። ድንጋይ የፈለጠውና የተሸከመው ግን የእኛም ሰው ነው።

አንድ ነገር ልናገር፤ ቡና ላይ «ጣሊያን ምን አለበት፣ መንገድ ሠራልን» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ያናድደኛል። ለእኛ አይደለም የሠራው። ወታደርና መድፍ ቶሎ እንዲደርስለት ነው። ግንቡን ማድነቅ እችላለሁ። ማመስገን ሌላ ነው።

አሁን ስህተቴን ልንገራችሁ። እቤት ቁጭ ብዬ የስልኬን የሳተላይት ካርታ ሳገላብጥ፣ ከአስፋልቱ ጎን ለጎን የምትሄድ ቀጭን መስመር አገኘሁ። «ይኸው! የጣሊያን መንገድ!» ብዬ ምልክት አደረግኩባት። እዚያው ነው የወረድነውም። ግማሽ ሰዓት ያህል በእሷ ላይ ተጓዝን። እኔ ፎቶ አነሳለሁ፤ ለአጎቴ ስለ ታሪክ እሰብካለሁ። እሱ ዝም ብሏል። በመጨረሻ ቆመና ጠጠሩን በጫማው ገፋ አደረገው።

«ይሄ የክሬሸር ጠጠር ነው» አለኝ።

«ማለት?»

«ማሽን የፈጨው ነዋ። እየው፣ ሁሉም እኩል ነው። ይሄ አስፋልቱ ሲሠራ መኪና ያሳለፉበት ተለዋጭ መንገድ ነው። የትናንት ነው፣ አንተ ልጅ።»

ጠጋ ብዬ ሳይ አፈሩ ውስጥ ግማሽ አካሉ የተቀበረ የውሃ ፕላስቲክ አለ። ከሃያ በላይ ፎቶ አጠፋሁ።

«ታዲያ ገና ሳንጀምር ለምን አልነገርከኝም?»

«ስትናገር ደስ ብሎህ ነበር።»

ከዚያ በኋላ መሪው ወደ እሱ ተላለፈ። ካርታም አላየ። «መንገድ ከጠፋብህ መንገድ አትፈልግ» አለኝ፤ «ውሃ የሚወርድበትን ፈልግ።» አስፋልቱን ለቀን ቁልቁል፣ ወደ አንድ ደረቅ የጎርፍ ቦይ ወረድን። ነገሩ ሲገባኝ ቀላል ነው። የመንገድ ወለል በጥቂት ክረምት ይጠፋል፤ ጎርፍ ያጥበዋል፤ ሳር ይበላዋል። ውሃ ማሳለፊያው ግን ከድንጋይ ስለሚሠራ ይቀራል። ስለዚህ መንገድ ቦዩን ያቋረጠበት ቦታ ላይ የሆነ ነገር መቅረት አለበት።

ቀርቷል። ከቦዩ ማዶ ጥቁር የድንጋይ ቅስት አለ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት። ከላዩ ደግሞ ተዳፋቱን ደግፎ የቆመ ግንብ፣ በጎኑ ተራራውን ተከትሎ ሲታጠፍ ይታያል። አጠገቡ ሄጄ እጄን አሳረፍኩበት። ያቃጥላል። እያንዳንዱ ድንጋይ ፊት ለፊቱ ተጠርቧል፤ የመሮው ጭረት ዛሬም በጣት ይዳሰሳል፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ጎረቤቱ ወደ ግራ ያዘነበለ። የተለያየ ሰው እጅ ነው። በመሃል መሃል እጅ የሚያስገቡ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች አሉ። ከተራራው የሚሰርገው ውሃ ግንቡን እንዳይገፋው ማስወጫ ናቸው። አንዱ ውስጥ እንሽላሊት ተቀምጦ አየኝ። አልተነሳም።

ጣሊያኖች በሠሩት ድልድይና ግንብ ላይ ዘመናቸውን በሮማውያን ቁጥር መቅረጽ ይወዱ ነበር፤ ፋሺስቶቹ ሥልጣን ከያዙበት ከ1922፣ ማለት በፈረንጆቹ፣ ጀምሮ እየቆጠሩ። እንደዚያ ያለ ጽሑፍ አገኛለሁ ብዬ ግንቡን ከዳር እስከ ዳር አየሁት። የለም። የመሮ ጭረት ብቻ።

ወለሉ ላይ አጎቴ አመዱን በእግሩ ጠረገልኝ። ከሥር ድንጋዮቹ በቁማቸው ተደርድረዋል፣ መደርደሪያ ላይ እንዳለ መጽሐፍ፣ እርስ በርስ ተደጋግፈው። ክፍተታቸው በትናንሽ ስባሪ ተሞልቷል። ድሮ ከላዩ ደቃቁ ጠጠር ነበር፤ እሱን ጎርፍ ወስዶታል። «ይሄኛው በእጅ ነው» አለ። አነስ ያለ፣ ትልቅ፣ ጠፍጣፋ፣ ሹል፤ እውነትም አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም።

ቅስቱ ውስጥ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ ደነገጥኩ። እረኛ ነው፤ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ከፀሐይ ተጠልሎ፣ ፍየሎቹን ከላይ አሰማርቶ ተጋድሟል። አጎቴ በኦሮምኛ አዋራው። ይሄ መንገድ ምን ይባላል አለው።

«ካራ ሀሬ» አለ ልጁ።

የአህያ መንገድ። አጎቴ የተሰደበ መሰለው። ይህ አውራ ጎዳና እንደነበር፣ ካሚዮን ቡና ጭኖ ይሄድበት እንደነበር ነገረው። ልጁ በትህትና ሰማው። አላመነውም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አላምንም፤ በወርድ ስለካው ሰባት እርምጃ ነው።

ውሃችን ያለቀው እዚህ ነው። አንድ ሊትር ለሁለት ሰው ይዤ በረሃ መግባቴን እቤት እንዳትናገሩብኝ። ልጁ ከቢጫ ጄሪካኑ ቀዳልን። የቆላ ዝንብ ጆሮዬ ላይ ያንጎራጉራል። ይህ ሸለቆ ለከብት የሚፈራ አገር ነው፤ ይህ ዝንብ የሚያስተላልፈው ገንዲ የሚባል በሽታ እዚህ ስንት በሬ ፈጅቷል። ለዚህም ይመስለኛል የልጁ መንጋ ፍየል ብቻ የሆነው።

ቁልቁል ቀጠልን። መንገዱ አንዴ ይጠፋል፣ አንዴ ይወጣል። ከዚያ አንድ ክፉ ጥምዝ ላይ ደረስን፤ ራሱ ላይ የሚታጠፍ፣ በውስጥ በኩል ተራራ፣ በውጭ በኩል ገደል። አጎቴ ዝም ብሎ ቆመ። ከዚያ ጎንበስ አለና ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ አነሳ። ሦስት ማዕዘን ነው፣ አንድ ጎኑ የሳሳ፣ የእንጀራ ምጣድ ጉልቻ የሚያህል።

«ታኮ» አለ።

ረዳት ማለት ታኮ ማለት ነበር አለኝ። ከአዲስ አበባ ጨውና ቆርቆሮ የጫነ መኪና ይህን ዳገት ሲወጣ ሹፌሩ ማርሽ ሲቀይር ወደኋላ ይንሸራተታል። ረዳቱ ከኋላ በእግሩ እየሮጠ፣ ድንጋይ ታቅፎ፣ መኪናው ባቆመ ቁጥር ጎማው ሥር ይወረውራል። ከዚያ ያነሳል፤ ደግሞ ይሮጣል። «እጅህን ቶሎ ካላወጣህ እጅ የለህም።» ቀኝ እጁን አሳየኝ። የአመልካች ጣቱ ጫፍ ጠማማ መሆኑን ዕድሜ ልኬን አውቃለሁ። ለምን እንደሆነ ግን ጠይቄው አላውቅም ነበር። የብዙ መኪና ረዳት እዚህ ጥምዝ ላይ ድንጋዩን ጥሎ ነው የሚሳፈረው፤ ከዚህ በላይ ቀለል ይላልና። አካባቢውን ሳይ አምስት ስድስት እንደዚያ ያለ ድንጋይ አለ።

«ጅማ እንውሰደው» አልኩት። «ሳሎን እናስቀምጠዋለን።»

«ሌላ መኪና ቢመጣስ?» ብሎ ከቦታው መለሰው።

ከጥምዙ ላይ ወንዙ ይታያል። ጊቤ ከዚህ ወርዶ ኦሞ ይሆናል። በ1933 የእንግሊዝ ጦር፣ አብዛኛው ምሥራቅ አፍሪካዊ ወታደር ሆኖ፣ ግንቦት 28 ቀን አበልቲ አጠገብ ወንዙን ተሻገረ። ጣሊያኖች ከወዲህ ማዶ ዳገቱን ይዘው ነበር። ሰኔ 14 ቀን ጅማ ተያዘች። ጣሊያኖቹ የያዙት ዳገት እኛ የቆምንበት ነው እንግዲህ፣ ወይም የእሱ ወንድም። ከጦርነቱ በኋላ መንገዱ ተጎሳቁሎ ቆየ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ የዓለም ባንክ ብድርም መጣ፤ ቡና ገንዘብ ነውና የጅማ መስመርም ተጠገነ። አጎቴ የሚያውቀው ያንን መንገድ ነው። ይህ ጥምዝ ግን መሪ ከያዘ በኋላም ያገለግል እንደነበር ይምላል።

«እዚህ ሳትደርስ ክላክስ ታደርጋለህ» አለኝ። «ሁለት መኪና አያሳልፍም። ክላክስ ከሰማህ ትቆማለህ። ጭነት ይዞ ለሚወጣ ይለቀቃል። ሕግ ነው።»

ይህን እያለኝ ከታች፣ ከጥምዙ ማዶ፣ ረጅም ፉጨት ተሰማ። ማን እንዳፏጨ አይታይም። አጎቴ ክንዴን ይዞ ወደ ግንቡ ጎተተኝ። ጀርባችንን ለድንጋዩ ሰጥተን ቆምን።

አራት አህዮች ወጡ፣ ከሰል የጫኑ፣ ጆሯቸውን ጥለው። ከኋላቸው አለንጋ የያዘ ጎረምሳ። አጎቴ ሹፌር ለሹፌር እንደሚያደርገው መዳፉን ከፍ አደረገለት። ጎረምሳው ግራ ገብቶት አየን። ትንሽ አለፍ ካለ በኋላ እሱም እጁን አነሳ።