አዲስ ጀልባ ጣና ላይ፦ ከ0 እስከ 40 የሞተር ሰዓት

ጀልባዋ ርዝመቷ 6 ሜትር፣ ወርዷ 2.10 ሜትር የሆነች የፋይበር ጀልባ ናት። ከፊት ሁለት ሰው የምታስተኛ ጠባብ ክፍል፣ ከኋላ 40 ፈረስ ጉልበት ባለ አራት ምት አውትቦርድ (ከጀልባዋ ውጭ የሚታሰር) ሞተር አላት። ማደሪያዋ ጎንደር ግቢ ውስጥ ተሳቢ ላይ፣ መዋያዋ ጎርጎራ። በመካከሉ በአዘዞ፣ በቆላ ድባና በጯሂት የሚያልፍ ወደ 60 ኪሎ ሜትር መንገድ አለ፤ ሐይቁ ዳር አንዲት ሮንዴላ ብትጎድል ቀኑ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ጎንደር ላይ ማለቅ ያለበት ሥራ ጎንደር ላይ ይለቅ።

ብዙ ሰው ገንዘቡን ሞተሩ ላይ ይጨርስና መልህቅ፣ ገመድና መቅዘፊያ ላይ ሲደርስ «ቀስ ብሎ ይገዛል» ይላል። ሞተሩ በሠራባቸው በእነዚህ 40 ሰዓታት የታየው ግን ጣና ላይ የሚያስቸግረው መሄዱ ሳይሆን መቆሙ እንደሆነ ነው። ሞተር የሚጠፋው አረም ሲጠመጠምበት፣ መረብ ሲይዘው ወይም ነዳጅ ሲያልቅ ነው። ያን ጊዜ ነፋሱ ወደ ድንጋይ ከመግፋቱ በፊት ጀልባዋን የሚይዝ ነገር ከሌለ የፈረስ ጉልበቱ ብዛት ምንም አያደርግም።

ጎንደር፣ 0 ሰዓት

ሞተሩን መጀመሪያ በርሜል ውስጥ አስነሱት። የ200 ሊትር በርሜል አፉን ቆርጣችሁ የሞተሩን እግር አስገቡና ውሃው ከፕሮፔለሩ በላይ ካለው አግድም ሳህን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪያልፍ ሙሉት። ማርሹ ፎሌ ላይ ይሁን፤ ማርሽ ካስገባችሁ ፕሮፔለሩ ውሃውን አውጥቶ ይረጨዋል። ሞተሩ እንደተነሳ ከጎኑ ቀጭን የውሃ ክር መፍሰስ አለበት። ግማሽ ደቂቃ ጠብቃችሁ ካልመጣ ወዲያው አጥፉ። ቆሞ የከረመ ሞተር ከሆነ ብዙ ጊዜ መውጫ ቀዳዳዋን ነፍሳት ጭቃ ደፍነውባት ነው፤ በወፍራም የዓሣ መንጠቆ ክር ይጠረጋል። ቀዳዳዋ ንጹሕ ሆኖ ውሃ ከሌለ ግን ችግሩ የውሃ ፖምፓው ውስጥ ያለው፣ ውሃውን የሚገፋው የላስቲክ ኢምፔለር ነው። ሞተርን ለሙከራ ብሎ ደረቁን ማስነሳት ይህን ላስቲክ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያቃጥለዋል።

ሁለተኛው የበርሜል ትምህርት ነዳጅ ነው። በእጅ የምትጨመቀው የቤንዚን ፖምፓ ላይ ያለው ቀስት ወደ ሞተሩ ማመልከት አለበት። ሞተሩ አሥር ደቂቃ ያህል ሠርቶ እየደከመ ከጠፋና ታንኩ ጎኑ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ክዳኑ ላይ ያለችው የአየር ማስገቢያ ተዘግታለች ማለት ነው። ካርቡራተር ከመፍታታችሁ በፊት እሷን ተመልከቱ።

ከፍታው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የጣና ውሃ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,786 ሜትር ላይ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ 40 የተባለው ፈረስ ሐይቁ ላይ ወደ 33 ይወርዳል። ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ከፋብሪካ የመጣው ፕሮፔለር ይከብደዋል። ማኑዋሉ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶት በደቂቃ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር መድረስ አለበት ይላል፤ ፒቹ (በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚገፋው ርቀት) 13 ኢንች የሆነው ፕሮፔለር ግን 4,700 ላይ ቆመ። ፒቹ በአንድ ኢንች ሲቀንስ ዙሩ 200 ያህል ይጨምራልና በባለ 11 ሲተካ ወደ 5,100 ወጣ። ይህን ሳያስተካክሉ መንዳት ከባድ ጭነት ይዞ በአራተኛ ማርሽ ዳገት እንደ መውጣት ነው፤ ሞተሩ ይሄዳል፣ ግን እየተጎዳ። ባለ ካርቡራተር ሞተር ያላችሁ ካንዴላውን አውጥታችሁ እዩ። እርጥብና ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታልና አነስ ያለ የቤንዚን ማሳለፊያ ይፈልጋል። በኢንጄክሽን የሚሠራው ራሱን ያስተካክላል።

የኤሌክትሪክ ሥራውን የመኪና ኤሌክትሪሻን ሊሠራው ይችላል፤ ነገር ግን በቅድሚያ አንድ ነገር ተነጋገሩ። እሱ የለመደው የመኪናውን አካል ማሳ (የኤሌክትሪክ መመለሻ) አድርጎ አንድ ሽቦ ብቻ መዘርጋት ነው። ፋይበር ማሳ አይሆንም፤ እያንዳንዱ ዕቃ ሁለት ሽቦ ይፈልጋል፤ ዋናው ፊውዝም ከባትሪው ከ20 ሴንቲ ሜትር አይራቅ። ከወለል ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ የሚያወጣው ፖምፓ ከዋናው ማብሪያ ጋር አይገናኝ። ሁሉ ነገር ጠፍቶ ሰው በሌለበት ጊዜም እንዲሠራ በራሱ ፊውዝ ከባትሪው በቀጥታ ይምጣ። ክረምት ላይ ይህ ቅንጦት አይደለም፤ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ 8 ካሬ ሜትር ክፍት ወለል ላይ ሲወርድ 400 ሊትር ውሃ ነው። የፖምፓው ቱቦ አፍ ከውሃው ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ አለዚያ ሐይቁ በዚያው ቱቦ ተመልሶ ይገባል። 70 አምፒር ሰዓት ባትሪ ካላችሁ የምትጠቀሙት ግማሹን ብቻ ነው። ከአገልግሎት አርፎ 12.2 ቮልት ካሳየ ግማሹ አልቋል። ባለ 50 ዋት ሶላር ለመብራት፣ ለስልክና ለፖምፓው ይበቃል፤ ለፍሪጅ አይበቃም።

አሁን መልህቅ። ብየዳ ቤቶች ከባለ 16 ሚሊ ቶንዲኖ ባለ አራት ጣት መልህቅ ይሠራሉ፤ ድንጋያማ ዳርቻ ላይ ጥሩ ነው። የጣና ወለል ግን በአብዛኛው ለስላሳ ደለል ስለሆነ ጣቶቹ እንደ ማበጠሪያ እየሰነጠቁት ይጎተታሉ። ደለል ላይ የሚይዘው ሁለት ሰፋፊ ምላስ ያለው፣ የሚተጣጠፈው ዓይነት ነው፤ ለዚህች ጀልባ 7.5 ኪሎ በቂ ነው። ከመልህቁ ቀጥሎ 4 ሜትር የ8 ሚሊ ሰንሰለት ይገባል፤ ክብደቱ መያዣውን አጋድሞ ወደ ጭቃው እንዲገባ ያደርገዋል። ከዚያ 40 ሜትር የ12 ሚሊ ናይለን ገመድ። ገበያ ላይ የሚበዛው ቢጫና ሰማያዊ የፕላስቲክ ገመድ ለዚህ አይሆንም፤ ይንሳፈፋል፣ ፕሮፔለር ይገባበታል፣ ፀሐዩም ቶሎ ያደርቀዋል። ውሃ ውስጥ ለወደቀ ሰው መወርወሪያ ግን መንሳፈፉ ጥቅም ነውና 15 ሜትር ያዙ።

የሚለቀቀው ገመድ ሂሳብ ቀላል ነው። ጥልቀቱ 4 ሜትር፣ የጀልባው አፍንጫ ከውሃ 1 ሜትር ከሆነ ድምሩ 5 ነው። ለምሳ ዕረፍት አምስት እጥፍ፣ 25 ሜትር፤ ለማደር ሰባት እጥፍ፣ 35 ሜትር። በየ5 ሜትሩ ቀለም ቀቡት። የገመዱ ሌላ ጫፍ ከጀልባው ጋር መታሰሩን ደግሞ እጃችሁን ልካችሁ አረጋግጡ። ዓይን «ታስሯል» ብሎ ያለፈው ገመድ እስከ መጨረሻው ተስቦ ሐይቁ ውስጥ ሲገባ ማየት አዲስ ነገር አይደለም።

የቀረው ዕቃ አጭር ነው፤ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ በልኩ የሆነ ላይፍ ጃኬት፣ ሁለት ረጃጅም መቅዘፊያ፣ 2 ኪሎ የዱቄት እሳት ማጥፊያ፣ ባልዲ፣ ፊሽካ፣ የሚቀለበስ ቢላ፣ ትርፍ ካንዴላ፣ ትርፍ የፕሮፔለር ዳዶና ፒን። የሰው ቁጥርን በተመለከተ የታወቀ ስሌት አለ፤ ርዝመት በወርድ በሜትር ተባዝቶ ለ1.4 ይካፈላል። ለዚህች ጀልባ 9 ሰው ይወጣል። ይህ ግን ለረጋ ውሃ ነው፤ ጣና ላይ ከ5 ሰው በላይ አለመጫኑ ይሻላል።

ጎርጎራ፣ ከ1 እስከ 10 ሰዓት

ጀልባዋን ከተሳቢ ከማውረድ በፊት ከኋላ በታች ያለችው የውሃ ማስወጫ ቡሽ ትዘጋ። የሞተሩ ቁልፍና ቡሹ በአንድ ክር ይታሰሩ፤ ቁልፉን ስታነሱ ቡሹ እጃችሁ ላይ ይመጣል። ወደ ውሃው ስትገቡ ረጅም ቦቲ አድርጉ። ዳር ዳሩ፣ በተለይ ሣር ያለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ፣ ቢልሃርዚያ አለበት።

አዲስ ባለ አራት ምት ሞተር በመጀመሪያው ሰዓት ከ2,000 ዙር፣ በሁለተኛው ከ3,000 ዙር አይለፍ። እስከ አሥረኛው ሰዓት ሙሉ ነዳጅ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይሰጠው። ይህ ቀስ ብሎ የመሄድ ግዴታ ለመማር የተመቸ ነው። ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን በድንጋይ አስራችሁ ውሃ ላይ ተዉትና በእሱ ዙሪያ ተለማመዱ።

መጀመሪያ የሚገርመው፣ አውትቦርድ ፎሌ ላይ ሲሆን መሪው አለመሥራቱ ነው። ጀልባዋን የሚያዞረው ፕሮፔለሩ የሚገፋው ውሃ ነው። ስለዚህ መሪውን አስቀድማችሁ አዙሩ፣ ቀጥሎ ማርሽ ለአንድ ሴኮንድ አስገቡ፣ ወደ ፎሌ መልሱ። ሌላው፣ ጀልባ እንደ መኪና አፍንጫዋን ተከትላ አትዞርም፤ መሪው ወደ ግራ ሲዞር ጭራዋ ወደ ቀኝ ይወጣል። ከጎን ከተጠጋችሁበት መድረክ መሪ አዙራችሁ ወደ ፊት ልውጣ ብትሉ የምታጋጩት ጭራውን ነው። በኋላ ማርሽ ውጡ።

ወደ መድረክ ስትጠጉ ነፋሱን ፊት ለፊት አድርጉ፤ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ አጋድማችሁ፣ ቢጋጭ የማይጎዳ ፍጥነት ይዛችሁ። የተለመደው ወደ ቀኝ የሚዞር ፕሮፔለር የኋላ ማርሽ ሲገባ ጭራውን ወደ ግራ ይስባል። በግራ ጎን ከቀረባችሁ ያ ስበት ራሱ ያስጠጋችኋል፤ በቀኝ ከቀረባችሁ ያርቃችኋል። ነፋስ ሲኖር የሚወሰደው በመጀመሪያ አፍንጫው ነው፤ ጭራው ሞተሩ ውሃ ውስጥ ስላለ ይከብዳል።

ሰው ቢወድቅ መሪው ወዲያው ወደ ወደቀበት ጎን ይዞራል፤ ፕሮፔለሩ ከሰውየው ይርቃል። ዞራችሁ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዛችሁ ቅረቡ፣ ሞተሩም እጁ ጀልባውን ከመንካቱ በፊት ይጥፋ። ነጂው ሲወድቅ ሞተሩን የምታጠፋው ማጥፊያ ገመድ ሁልጊዜ የነጂው እጅ ላይ ትሁን። ጀሪካኑን በጀልባዋ ሳትገጩ አሥር ጊዜ ማንሳት ከቻላችሁ ትምህርቱ ገብቷችኋል።

ከ10 እስከ 25 ሰዓት፦ ነፋስ፣ መረብ፣ እምቦጭ

ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው ከ15 ሜትር አይበልጥም። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ማዕበሉ አጭር፣ ቀጥ ያለና ተከታታይ ነው፤ አንዱን ሳትጨርሱ ሌላው ይደርሳል። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ እንደ መስታወት የነበረው ውሃ ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ሌላ ሐይቅ ነው። ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ወደ የብስ ስለሚገፋ፣ ለጎርጎራ ማዕበሉ ወደ ዳሩ የሚመጣ ነው። በዚያ ሰዓት ሞተር ከጠፋ የሚጠብቃችሁ ድንጋይ ነው። 5 ሰዓት ላይ ተመልሶ መግባት ይለመድ። ታንኳ ቀዛፊዎች ገና ነፋሱ ሳይመጣ ወደ ዳር ሲሰበሰቡ ካያችሁ ሰዓታችሁን አትመልከቱ፤ ተከተሏቸው።

ማዕበል ሲነሳ ፊት ለፊት አትምቱት። ከ30 እስከ 45 ዲግሪ አጋድማችሁ፣ የሞተሩን ማጋደያ (እግሩን ወደ ጀልባዋ የሚያስጠጋውንና የሚያርቀውን) ወደ ውስጥ አድርጋችሁ ዝግ በሉ። ከኋላ ሲመጣ ግን ማጋደያው ትንሽ ወደ ውጭ፣ ጭነቱ ወደ ኋላ ይሁን፤ አፍንጫው ከፊት ያለው ማዕበል ውስጥ ከተተከለ ጭራው ዞሮ ጀልባዋን በጎን ያቀርባታል።

እምቦጭ ጣና ላይ ከታየ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ በመገጭ አፍና በደምቢያ ዳርቻ፣ የማይጠፋ እንግዳ ሆኗል። ከክረምት በኋላ ይብሳል። ጀልባ በላዩ ለማለፍ መሞከር ሁለት ነገር ያመጣል፤ ሥሩ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፣ ቅጠሉ የማቀዝቀዣ ውሃ መግቢያውን ይሸፍናል። የመጀመሪያውን በድምፁ ታውቁታላችሁ፣ ሁለተኛው ድምፅ የለውም። በየጥቂት ደቂቃው ዞር ብላችሁ የውሃዋን ክር እዩ። ከቀጠነች ፎሌ፣ ከዚያ አጭር የኋላ ማርሽ፤ ካልለቀቀ ሞተሩ ይጥፋ፣ እግሩ ከውሃ ወደ ላይ ይነሳ፣ አረሙ በቢላ ይቆረጥ። በመገጭ አፍና በደንገሉ አካባቢ ጉማሬ አለና ይህን ሥራ እዚያ ቆሞ መሥራት አይመከርም። በመቅዘፊያ ራቅ በሉ፣ መልህቅ ጣሉ፣ ከዚያ።

የዓሣ መረብ የሚያመጣው ጉዳት ቀስ ብሎ ነው የሚታየው። ቀጭኑ ክር ከፕሮፔለሩ ጀርባ ገብቶ ዘንጉ ላይ ያለውን የዘይት ማገጃ ላስቲክ ይቆርጣል፤ ጀልባዋ ምንም እንዳልሆነች ትሄዳለች። የ20 ሰዓቱ ሰርቪስ የካምቢዮ ዘይት መቀየርንም ይጨምራልና ብሎኑን ፈታችሁ የሚወጣውን ነጭ ሳህን ላይ አንጠባጥቡ። ጥርት ያለ ማር መምሰል አለበት። ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቷል። ፕሮፔለሩን አውጥታችሁ ዘንጉን ብታዩ ያ ክር እንደ ፀጉር ተጠምጥሞ ታገኙታላችሁ። ላስቲኩን መቀየር ርካሽ ነው፤ ካምቢዮ መቀየር ግን የሞተሩን ዋጋ ሩብ ሊጠጋ ይችላል። መረብ ላይ ለመንሳፈፊያ የሚታሰረው የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ወይም የፎም ቁራጭ ስለሆነ ከሩቅ አይታይም፤ ሰልፍ የያዙ ጠርሙሶች ካያችሁ በጫፋቸው ዞሩ። ታንኳ ስታዩም ከ50 ሜትር በፊት ፍጥነት ቀንሱ፤ የእናንተ ማዕበል ለእነሱ መገልበጫ ነው።

ከ25 እስከ 40 ሰዓት፦ ራቅ ያለ ጉዞ

ወደ ደቅ ደሴት ያለው ርቀት ወደ 35 ኪሎ ሜትር ነው። የነዳጅ ሂሳቡ በሦስት ይከፈላል፤ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ አንዱ ለነፋስ። ፍጆታችሁን ከብሮሹር አትውሰዱ። ታንክ ሞልታችሁ በ4,000 ዙር አንድ ሰዓት ሂዱና የጎደለውን ለኩ። 8 ሊትር ከሆነና በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ ለደርሶ መልስ 28 ሊትር፣ ከመጠባበቂያው ጋር 42 ሊትር ነው። በጀሪካን መቅዳት በየጊዜው ስለሚገደብ ከጎንደር ከመነሳት በፊት ይጠየቅ፤ የመንገዱም ሁኔታ እንደዚያው። ቤንዚኑ በማጣሪያ ማስረጊያ ይቀዳ። ጀሪካን መኝታ ክፍል ውስጥ አይቀመጥ፤ ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ሥር ይተኛና አንዲት ብልጭታ ይጠብቃል።

ለማደር መልህቅ ስትጥሉ ወርውራችሁ አትተዉት። አፍንጫውን ወደ ነፋስ አድርጉ፣ ቁሙ፣ አውርዱት፤ ጀልባዋ ወደ ኋላ እየሄደች ገመዱን ልቀቁ፣ በመጨረሻም በዝግታ የኋላ ማርሽ ሳቡት። ገመዱን በእጃችሁ ያዙ። ከተንቀጠቀጠ እየተጎተተ ነው፤ ከተወጠረና ዝም ካለ ይዟል። ዳር ላይ ሁለት ዛፎች በአንድ መስመር ምልክት አድርጋችሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግማችሁ እዩአቸው። ወደ ደሴት ገዳሙ ዳጋ እስጢፋኖስ ለመውረድ ካሰባችሁ ሴቶች እንደማይገቡ ለተሳፋሪዎቻችሁ ጎርጎራ ላይ ንገሩ፤ እዚያ ደርሶ መነጋገር ለሁሉም አሳፋሪ ነው።

የውሃው ደለል ኢምፔለሩን እንደ አሸዋ ወረቀት ስለሚልገው በየዓመቱ ይቀየር። ሞተሩ ላይ ያለው መሥዋዕት ብረት (ሌላው ብረት እንዳይበላ ራሱ የሚበላው) ዚንክ ከሆነ በማግኒዥየም ይተካ፤ ዚንክ ለጨው ውሃ ነው፣ በጣና ውሃ ቅርፊት አውጥቶ ሥራውን ያቆማል።

ተሳቢዋ ከጎርጎራ ከመነሳቷ በፊት ቡሹ ተፈትቶ ውሃው እዚያው ይፍሰስ፤ ጎማው፣ የተሳቢው ብረትና የሞተሩ እግር ላይ የቀረ የእምቦጭ ቁራጭ ካለ በእጅ ተለቅሞ ደረቅ መሬት ላይ ይጣል። ለ50ኛው ሰዓት የቀሩት ሥራዎች ሁለት ናቸው፤ የመቅዘፊያ መያዣዎቹን በማይዝግ ብረት መቀየርና ባለ 12 ኢንች ፒች ፕሮፔለር በሁለት ሰው ጭነት መሞከር።