«ሰነፍ» ያልሁት የአጎቴ ልጅ

የአጎቴ ልጅ በእግዚአብሔር መኖር እንደማያምን የነገረኝ በጥምቀት ዕለት፣ ከፋሲል መዋኛ ወደ ቤት ስንመለስ ነበር። እኔም ወዲያው «ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል» የሚለውን የዳዊት መዝሙር መዘዝሁበት፤ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ሥራ የሚገባ ሰው ነውና «ስንፍናዬን በምን አየኸው?» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ በኋላ ለወራት በስልክ የተለዋወጥነው መልእክት፣ እኔ «ከሃዲ» እርሱም «ተረት አማኝ» እየተባባልን ያለቀ ስለ ሆነ፣ ክርክር ሊባል አይገባውም።

ያለዘበኝ ያው ጥቅስ ነው። ላስረዳው ብዬ ግእዙን ብመለከት «አብድ» ይላል፤ ይህም ማስተዋል የጎደለው ማለት እንጂ ዛሬ ሰነፍ የምንለው ሥራ ጠል ማለት አይደለም። (ስድቡ ቀለለ ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ሳይከብድ አልቀረም።) ያልመረመርሁትን ቃል እንደ ድንጋይ ስወረውር መክረሜ ግን አሳፈረኝ።

ስለዚህ ከአንድምታ መምህራን ልማድ ተዋስሁ። በጎንደር ጉባኤ ቤት መምህሩ ንባቡን ከተረጎመ በኋላ «አንድም» እያለ ሌላውን ፍች ከጎኑ ያኖራል። እኔም «ያልኸው ይህ ነው፤ አንድም ይህን ማለትህ ይሆናል» ብዬ እየጻፍሁ፣ «አዎን፣ እንዲህ ነው» እስኪለኝ ድረስ መልስ መስጠት ተውሁ። በዚህም አጎቴ ታመው ሳሉ ከሐኪም ቤት ይልቅ ጠበል ይበቃቸዋል ባልን ዘመዶች ላይ ቂም እንደ ያዘ ደረስሁበት። የክህደቱን ምክንያት ያገኘሁ መስሎኝ ይቅርታ ብጠይቀው፣ «ይቅርታህን ተቀብያለሁ፤ ነገር ግን ያ ቁጣዬ ነው፣ ሐሳቤ ሌላ ነው፤ ለሐሳቤ ገና አልመለስህልኝም» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ሰውየውን አከምሁ ብዬ ጥያቄውን ዘልዬው ነበር።

እርሱም በበኩሉ የእናቴን ድንጋጤ ካለማወቅ ብቻ የመጣ አድርጎ ያየው ነበር። «እግዚአብሔር የለም» የሚል ቃል ስትሰማ የሚታወሳት የደርግ ዘመንና በ1971 ዓ.ም. የተገደሉት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ መሆናቸውን ከራሷ አፍ ከሰማ ወዲህ፣ በፊቷ «ተረት» ብሎ አያውቅም።

ዛሬም አያምንም። እንድጸልይለት አልከለከለኝም፤ ጸለይሁልህ ብዬ እንዳልነግረው ብቻ ለምኖኛል፤ እኔም ይህን ቃሌን እስካሁን ሁለት ጊዜ አፍርሻለሁ።