ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰነድ

ወደፊት ከውጭ አጋሮች ጋር በሙያ ምክር ፖሊሲ ላይ እንዴት እንደምንተባበር የሚዘረዝረውን ረቂቅ ዕቅድ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ስለነበርኩ፣ በዚያ ስብሰባ ላይ ከሆነው ነገር የጥፋቱን ግማሽ ያለ ክርክር እወስዳለሁ። ረቂቁ 14 ገጽ ነበር፤ የተወያየንበት ግን ርእሱ ላይ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ርእሱ «የዕድሜ ልክ የሙያ ምክር አገልግሎትን ለማጠናከር የሚደረግ ዓለም አቀፍ ትብብር» ይል ነበር። ሰብሳቢያችን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ «ዕድሜ ልክ የሚለውን ሳነብ ችሎት የገባሁ መሰለኝ። የተፈረደበት ማን ነው?» አሉ። ቤቱ ሳቀ። «ክቡር ሰብሳቢ፣ የዕድሜ ልክ ትምህርት የሚለው አጠራር ከተለመደ ቆይቷል፤ ይህም የዚያው ቤተሰብ ነው» ብዬ መለስኩ። እሳቸው ይህን ሲጠብቁ የነበሩ ይመስል፣ «ዕድሜ ልኩን የሚማር ሰው ይመሰገናል፤ ዕድሜ ልኩን ሲመከር የሚኖር ሰውስ ምን ይባላል?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አጣሁ። አጠገቤ የተቀመጠው የዕቅድ ባለሙያ ደግሞ፣ አንድም ቀን በሰዓቱ ሪፖርት አስገብቶ የማያውቀው ማለቴ ነው፣ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ብሎ አከለበት።

እልህ ስለያዘኝ ማስረዳት ጀመርኩ። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ጥናት እንደተገለጸው፣ አገልግሎቱ ሰው በየትኛውም ዕድሜና በየትኛውም የሕይወቱ ወቅት የትምህርት፣ የሥልጠናና የሥራ ምርጫውን እንዲያደርግና የሥራ ሕይወቱን ራሱ እንዲመራ የሚያግዝ መሆኑን፣ ስለዚህም የ12ኛ ክፍል ተማሪን ብቻ ሳይሆን በ45 ዓመቱ ከፋብሪካ የተቀነሰውን ሠራተኛም የሚመለከት መሆኑን ተናገርኩ። ይህን ስናገር ግን የራሴ ቃል እየከዳኝ እንደሆነ ይሰማኝ ነበር፤ በእኛ ዘንድ ምክር ታላቅ ለታናሽ የሚሰጠው፣ ብዙ ጊዜም ከተግሣጽ የማይለይ ነገር ነውና፣ ሰው ራሱ እንዲመርጥ ከማገዝ ጋር እምብዛም አይገናኝም።

ስለዚህ ሌላ ቃል ፍለጋ ተገባ። «መመሪያ» ተባለ፤ መመሪያማ ተፈርሞና ማኅተም ተመትቶበት የሚወርድ ነው ተብሎ ወደቀ። «አቅጣጫ ማስያዝ» ተባለ፤ ሁሉም ፈገግ ከማለት በቀር ማንም አስተያየት ሳይሰጥበት ታለፈ። ከዚያም አንዲት የሥራ ባልደረባችን፣ «ሙያ ራሱ መች ቀላል ሆነና! እናቴ ዘንድ ባለሙያ የሚባለው ዶሮ ወጥ አሳምሮ የሚሠራ ነው» ስትል ክርክሩ ከየት እንደተነሳ ጭምር ተረሳ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ርእሱ «ቀጣይነት ያለው የሙያ ድጋፍ» ሆነ።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ርእሱ ሳይሆን አራተኛው ክፍል ነው። እዚያ ላይ ሁለት ጥያቄ አስቀምጬ ነበር። የመጀመሪያው፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በትምህርት ሚኒስቴር፣ ቴክኒክና ሙያ ሥልጠናና ሥራ ስምሪት ደግሞ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥር ባሉበት አገር፣ በዓለም አቀፉ ትብብር ወንበር ላይ የሚቀመጠው የማን ተወካይ ነው የሚል ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳለፈው የውሳኔ ሐሳብ ከአራቱ ቅድሚያ ጉዳዮች አንዱ አድርጎ የያዘው ይህንኑ የአካላት ቅንጅት ነው። ሁለተኛው ጥያቄ፣ አጋሮቹ በጀታቸውን ሲያቆሙ ሥራው በማን ገንዘብ ይቀጥላል የሚል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ተቋቁሞ ከፊንላንድ ዩቫስኩላ ይተባበር የነበረው የአውሮፓ የዕድሜ ልክ የሙያ ምክር ፖሊሲ መረብ በ2015 ማብቃቱን በምሳሌነት ጠቅሼ ነበር። ሀብታሞቹ ያቋቋሙት መረብ ስምንት ዓመት ገደማ ከቆየ፣ የእኛው ከወዲሁ ቢታሰብበት ብዬ ነው።

ለዚህ ክፍል የተሰጠው ጊዜ ሻይ የሚያፈላ እንኳ አልነበረም። ሰብሳቢያችን ሰዓታቸውን አይተው፣ «የመጀመሪያው ከእኛ ደረጃ በላይ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ መንፈሱ ጨለምተኛ ነው፤ ሳንጋባ ፍቺ እናውራ እንዴ?» አሉና በቦታው «ባለድርሻ አካላት በቅንጅት የሚወስኑት ይሆናል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲገባ አዘዙ። አባባላቸው ጥሩ ስለነበር ቤቱ እንደገና ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ሰነዱ ከጸደቀ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ ለአጋሮቹ ተላከ። በሦስተኛው ሳምንት የመጣው መልስ በጣም ትሑት ነበር፤ ዕድሜ ልክ የሚለው መለያ ከርእሱ በመውጣቱ አዋቂዎች ከዕቅዱ ተቀንሰው እንደሆነ በአክብሮት ይጠይቃል። ለምን እንደወጣ እንዳስረዳ የታዘዝኩት እኔው ነኝ። ስለ እስራት ፍርድ፣ ስለ ምክርና ተግሣጽ ልዩነት፣ ዶሮ ወጡን ሳልጨምር፣ አንድ ገጽ ተኩል ጻፍኩ። «እጅግ አስተማሪ ማብራሪያ ነው» የሚል ባለ አንድ መስመር መልስ ደረሰኝ። ስለ አራተኛው ክፍል ከወዲያ ማዶም ማንም አልጠየቀም።

ሰብሳቢያችን ጡረታ ከወጡ በኋላ ረቂቆቹን የማየው እኔ ሆንኩ። ባለፈው ዓመት አንድ አዲስ ተቀጣሪ ለሌላ አጋር የሚላክ የትብብር ዕቅድ አመጣልኝ፤ ርእሱ ላይ «የዕድሜ ልክ የሙያ ምክር» ይላል። ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁና፣ «ወንድሜ፣ ማን ላይ ነው የተፈረደው?» አልኩት። ልጁ ግራ ገብቶት ቆመ። ቃሉን አስተካክለን ስንጨርስ የምሳ ሰዓት ደርሶ ስለነበር፣ ስለ ወንበሩና ስለ በጀቱ የሚናገረውን ክፍል ገልጬ «ባለድርሻ አካላት» የሚለውን አየሁና ፈረምኩበት።