ደሴ ላይ የክትባት ማቀዝቀዣ ሴንሰሮችን ስጠብቅ የተማርሁት

በደሴ ከተማ የአንድ ጤና ተቋምን የሕንፃ ጥገና ክፍል ስረከብ፣ የክትባት ማቀዝቀዣዎቹ፣ የውኃ ታንከሩና የጀነሬተሩ ነዳጅ በሴንሰር ይጠበቁ ነበር። ይሁን እንጂ ማንቂያው ለሰባት ሰው ስልክ በአንድነት ስለሚላክ፣ እያንዳንዳችን ሌላው አይቶታል ብለን እንተኛ ነበር። በክረምት መብራት በጠፋ ቁጥር፣ በሥራ ሰዓትም በሩ በተከፈተ ቁጥር ስለሚጮህ ከቁም ነገር የሚቆጥረው ሰው አልነበረም።

በመጀመሪያ ጩኸቱን ቀነስሁ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ሆኖም እንደ ሄፓታይተስ ቢ ያለው ክትባት ከጥቂት ሙቀት ይልቅ በመርጋት ስለሚበላሽ፣ ሁለቱን አደጋዎች በአንድ ዓይን ማየት ስሕተት ነው። ስለዚህ በዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት መሠረት ማንቂያው ሙቀቱ ሳያቋርጥ ለ10 ሰዓት ከ8 ዲግሪ በላይ ሲቆይ፣ ወይም ለ60 ደቂቃ ከዜሮ በታች 0.5 ዲግሪ ላይ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን እንዲጮህ አደረግሁ። አሥር ሰዓት ለጥገና ሰው ረጅም ስለሆነ ግን፣ በ1 ሰዓት ውስጥ ለተረኛው ብቻ የሚደርስ ማሳሰቢያ ጨመርሁበት።

ትልቁ ስሕተት የእኔው ነበር። አንዱ ማቀዝቀዣ ዘወትር ሞቅ ብሎ ይታይ ስለነበር ቴርሞስታቱን ሁለት ጊዜ ዝቅ አስደረግሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ሳዝ አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን «አብሽር ልጄ፣ መጀመሪያ መለኪያውን ራሱን እንለካው» አሉኝ። ተፈጭቶ ውኃ በተጨመረበት በረዶ ውስጥ ስንነክረው ዜሮ ማሳየት ሲገባው 2 ዲግሪ አሳየ። ፒቲ 100 የተባለው መለኪያ ሙቀትን የሚያውቀው በኦም በሚለካው የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ነው፤ በዜሮ ዲግሪ 100 ኦም ሆኖ በየዲግሪው 0.385 ኦም ያህል ይጨምራል፤ በሁለት ሽቦ የተዘረጋው የ11 ሜትር ቀጭን ገመዳችን ደግሞ በመሄጃና በመመለሻው 0.76 ኦም ያህል ያክልበት ነበር። መሣሪያው 4 ሲል ክትባቱ በ2 ዲግሪ ላይ ነበር ማለት ነው፤ እኔም ወደ መርጋት እየገፋሁት ነበር። የገመዱን ኦም ቀንሶ የሚያሰላውን የሦስት ሽቦ አያያዝ ስናደርግ ልዩነቱ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ሴንሰሮቹ እንደ ፓምፕና እንደ ጀነሬተር ቁጥር ተሰጥቷቸው ጥገና መዝገብ ውስጥ ገቡ፤ በየስድስት ወሩም በበረዶ ይፈተናሉ። ተረኛው ምክንያቱን ጽፎ፣ ተረካቢው ካልፈረመ ማንቂያ ተዘጋ አይባልም። መዝገቡን በወረቀት ያደረግሁት ኔትወርክ ሲጠፋ እንዳይቋረጥ ነው።

አሠራሩን ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ወደምትለው ኮምቦልቻ ስንወስደው፣ በዚያ ሙቀት መብራት ከጠፋ ማቀዝቀዣው ቶሎ ስለሚሞቅ የተረኛውን ማሳሰቢያ ወደ 30 ደቂቃ አወረድነው።