ፀሐይ ሁለቴ የምትወጣበት በረራ

ዛሬ ከሰዓቱን ሙሉ የድሮ አየር መንገዶችን ማስታወቂያና የበረራ መስመር ሳገላብጥ ዋልኩ። ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለኝ የአውስትራሊያው አየር መንገድ የኳንታስ "ድርብ የፀሐይ መውጫ" በረራ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን ሲንጋፖርን ስትይዝ የአውስትራሊያና የእንግሊዝ የአየር መስመር ተቆረጠ። እናም እ.ኤ.አ. ከ1943 ጀምሮ ካታሊና የሚባሉ፣ ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች ከአውስትራሊያዋ ከተማ ከፐርዝ ተነስተው እስከ ሲሎን፣ ማለትም እስከ ዛሬዋ ስሪላንካ ድረስ፣ የሕንድ ውቅያኖስን ያለ ማረፊያ ያቋርጡ ጀመር። ከ27 እስከ 33 ሰዓት አየር ላይ! ነዳጁ ከባድ ስለሆነ ተሳፋሪው ቢበዛ ሦስት ሰው ነው። ጠላት እንዳይሰማ ሬዲዮው ዝም፤ አቅጣጫ የሚለየው ከዋክብትን እያዩ። በአንድ ጉዞ ፀሐይ ሁለቴ ስትወጣ ላየ ተሳፋሪ የምስክር ወረቀት ይሰጠው ነበር። (ጥቂት ሰዓት ተቀምጬ ወገቤን የምል ሰው ይህን ሳነብ ምን ልበል?)

በማስታወቂያ በኩል ግን ብራኒፍን የሚያህል አላገኘሁም። ይህ የአሜሪካ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1965 "የተራ አውሮፕላን ዘመን አበቃ" ብሎ አውሮፕላኖቹን ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ቀባቸው። የአስተናጋጆቹን ልብስ የነደፈው ጣሊያናዊው ኤሚሊዮ ፑቺ ነው። ፀጉራቸውን ዝናብ እንዳያበላሸው የጠፈርተኛ የሚመስል ክብ የፕላስቲክ ቆብ ሁሉ ሠርቶላቸዋል። ፎቶውን ፈልጋችሁ እዩት፣ ትስቃላችሁ። በ1973 ደግሞ አሜሪካዊው የሥነ ጥበብ ሰው አሌክሳንደር ካልደር አንድ ሙሉ ዲሲ-8 አውሮፕላን በሥዕል ሸፈነላቸው። ያ ሁሉ ቀለም ግን ከኪሳራ አላዳናቸውም፤ በ1982 በረራ አቆሙ።

የድሮ የአየር መንገድ ፖስተር ያላችሁ ኮሜንት ላይ ለጥፉልኝ።